ቀኙ ልብ ሲጨነቅ

በ1840ዎቹ አጋማሽ ሩዶልፍ ፊርኾ ገና በሃያዎቹ ዕድሜ አጋማሽ ላይ የነበረ ሐኪም ነበር። የሚሠራው በርሊን፣ ቻሪቴ በተባለው ሆስፒታል የአስከሬን ምርመራ ክፍል ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) በድንገት የሞቱ ሰዎችን ደረት ሲከፍት፣ ከልብ ወደ ሳንባ በሚሄደው ትልቅ ደም ቅዳ ውስጥ የረጋ ደም ተወትፎ ያገኛል። ይህን ከእሱ በፊት የነበሩ ሐኪሞችም አይተዋል። በዘመኑ የገነነው አስተሳሰብ ግን ደሙ የረጋው የቧንቧው ግድግዳ ስለተቆጣ፣ እዚያው በቦታው ነው የሚል ነበር። ፊርኾ ይህን አልተቀበለም። የሟቾቹን የእግርና የዳሌ ደም መልሶች እየከፈተ ሲያይ እዚያም ደም ረግቶ አገኘ። ስለዚህ የሳንባው ጓል፣ ማለትም የረጋው ደም፣ ከታች ተቆርሶ፣ ከደሙ ጋር ተጉዞ የመጣ መሆን አለበት አለ።

ይህን ለማስረዳት የጎማና የሥጋ ቁራጭ፣ የረጋ ደምም ጭምር በውሾች የአንገት ደም መልስ በኩል አስገባ። ቆይቶ ሲከፍታቸው ቁራጮቹ ሳንባ ውስጥ ተሰንቅረው ተገኙ። ነገሩን ኤምቦሊያ ብሎ ሰየመው። ስሙ እስከ ዛሬ በየሆስፒታሉ ይነገራል። ይህ ሰው በ1848ቱ አብዮት ከመንግሥት ተቃዋሚዎች ጋር ቆሞ ሥራውን ያጣ፣ ድሆችን የሚያረግፈው ታይፈስ ከድህነታቸው የመጣ ነው ብሎ በአደባባይ የጻፈ ደፋር ነበር። በሕክምና ውስጥም ደፋርነቱ ያው ነው።

ሆኖም ፊርኾ ያየው የሞተውን ሰው ነው። ጓሉ ከየት እንደመጣ ነገረን። እንዴት እንደሚገድል፣ በተለይም ደግሞ ከታመሙት መካከል የትኛው ሊሞት እንደተቃረበ በሕይወት ሳለ እንዴት እንደሚታወቅ ግን በአስከሬን ጠረጴዛ ላይ የሚመለስ ጥያቄ አልነበረም። መልሱ ተሟልቶ ለመገኘት 150 ዓመት ያህል ፈጅቷል። የተገኘውም ሁሉም ሰው ሲያየው በኖረው በሳንባው ውስጥ ሳይሆን በልብ ውስጥ ነው።

ታሪኩን ለመከተል የልብን አሠራር ማስታወስ ያስፈልጋል። ልብ አንድ አካል ይምሰል እንጂ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ፓምፖች ናቸው። ግራው ደምን ለመላው ሰውነት ይረጫል፤ የታችኛው ክፍሉ ግድግዳ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ይወፍራል፤ በአማካይ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ገደማ በሚደርስ ግፊት ይሠራል። ቀኙ ከሰውነት የተመለሰውን ደም የሚያሳልፈው ወደ ሳንባ ብቻ ነው። የሳንባ ቧንቧዎች ሰፊና ልል ስለሆኑ አማካይ 15 ሚሊ ሜትር ግፊት ይበቃዋል። ግድግዳውም ከግማሽ ሴንቲ ሜትር አያልፍም። እንግዲህ ዕድሜ ልኩን ባዶ እንስራ ይዞ ሜዳ ለሜዳ ሲሄድ የኖረን ሰው ድንገት ኩንታል አሸክመው ዳገት ውጣ ቢሉት የሚሆነውን ማሰብ ነው። የሳንባው ደም ቅዳ በጓል ሲዘጋ ቀኙ ልብ የሚገጥመው ይኸው ነው።

የዚህ ጭንቀት አካሄድ ክፉ አዙሪት አለው። መንገዱ የተዘጋበት ቀኝ ልብ ይለጠጣል፣ ያብጣል። ሁለቱን ፓምፖች የሚለየውን ግድግዳ ወደ ግራ ይገፋዋል። ግራው ክፍል ቦታ ይጠበዋል። ከሳንባ የሚደርሰው ደምም አነስተኛ ስለሆነ ወደ ሰውነት የሚረጨው ይቀንሳል። ያን ጊዜ የደም ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ራሱን ቀኙን ልብ የሚመግበው ደም ይቀንስና ጡንቻው የበለጠ ይደክማል። በሽተኛው አየር እያጠረው ቢሞትም፣ የሚገድለው ከሁሉ በላይ የቀኙ ልብ መድከም ነው። ይህ ዛሬ የምናውቀው ነው። የትናንቶቹ ሐኪሞች እያንዳንዱን ክፍል በየተራ፣ ብዙ ሰው እየሞተባቸው ነው የተማሩት።

ከፊርኾ በኋላ ጓሉን በቀጥታ ለመጋፈጥ የተነሣው የላይፕሲኩ ቀዶ ሐኪም ፍሪድሪኽ ትሬንደለንቡርግ ነው። በ1908 ደረትን ከፍቶ፣ የሳንባውን ደም ቅዳ ሰንጥቆ፣ የረጋውን ደም ጎትቶ የማውጣት ቀዶ ሕክምና ለባልደረቦቹ አቀረበ። ዘዴው በደቂቃዎች ውስጥ የሚያልቅ፣ ከሞት ጋር ሽቅድምድም የሆነ ሥራ ነበር። እሱ ያከማቸው በሽተኞች ግን ሁሉም ሞቱ። የመጀመሪያዋ የዳነች ታማሚ የተገኘችው ከ16 ዓመት በኋላ፣ ማርች 18 ቀን 1924፣ ኬኒግስበርግ ላይ በተማሪው በማርቲን ኪርሽነር እጅ ነው። ትሬንደለንቡርግ በ80 ዓመቱ፣ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ አረፈ።

ለእኔ ከቀዶ ሕክምናው ጥበብ ይልቅ የሚከብደው ከጀርባው ያለው ችግር ነው። ደረት የሚከፈተው ለማን ነው? ቢላዋው ቶሎ ካረፈ፣ ሳይነካ ሊድን የሚችለውን ሰው መግደል ይመጣል። ቢዘገይ ደግሞ አስከሬን መቅደድ ይሆናል። ብዙዎቹ ቀዶ ሐኪሞች ሕመምተኛው ትንፋሹ ሊቆም እስኪል ድረስ መሣሪያ አዘጋጅተው አልጋው አጠገብ ይጠብቁ ነበር። የሚመሩበት ምልክት አልነበራቸውም። የደም ግፊቱ ወድቆ፣ ከንፈሩ ጠቁሮ ሲያዩ የሚያውቁት ነገር ሰውየው እየሞተ መሆኑን ነው። ያ ደግሞ ማወቅ ከተገባቸው ጊዜ አልፎ የሚመጣ እውቀት ነው።

እንዲህ ያለ አንድ ሌሊት በ1930ዎቹ መባቻ ቦስተን ውስጥ፣ ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታል አለፈ። ጆን ጊበን የሚባል ወጣት ሐኪም ከቀዶ ሕክምና በኋላ ሳንባዋ በረጋ ደም የተዘጋባትን ሴት እንዲጠብቅ ታዘዘ። ሌሊቱን ሙሉ የደም ግፊቷንና የልብ ምቷን እየመዘገበ አጠገቧ ተቀመጠ። የአንገቷ ደም መልሶች ተወጣጠሩ፤ ደሟ ጠቆረ። ጠዋት ላይ ግፊቷ ሲወድቅ አለቃው ኤድዋርድ ቸርችል በስድስት ደቂቃ ተኩል ውስጥ ጓሉን አወጣ፤ ሴትዮዋ ግን አልተረፈችም። ጊበን ያን ሌሊት ደሟን ከደም መልሷ እየቀዳ፣ ከውጭ ኦክስጅን ሰጥቶ የሚመልስላት መሣሪያ ቢኖር ብሎ ማሰብ ጀመረ። ሐሳቡን ከግብ ለማድረስ ከ20 ዓመት በላይ ለፋ። በሜይ 1953 ፊላደልፊያ ላይ የልብና የሳንባን ሥራ የሚተካ መሣሪያ ተጠቅሞ የአንዲት ወጣት ልብ ከፍቶ ጠገነ። ዛሬ በዓለም ሁሉ የሚደረገው የልብ ቀዶ ሕክምና መነሻው ያቺ ስሟ በብዙ መጻሕፍት የማይጠቀስ ሴት አልጋ ነው።

በዚያው ሆስፒታል፣ በዚያው ዘመን፣ ሌላ ሰው ነገሩን በሌላ በኩል ይመለከተው ነበር። ፖል ደድሊ ኋይት የልብ ሐኪም ነው፤ በኋላ ዘመን ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ የተጠራው እሱ ነው። ሆላንዳዊው ቪለም አይንቶቨን በሌይደን የፈለሰፈውን፣ በ1924 የኖቤል ሽልማት ያስገኘለትን የልብ ኤሌክትሪክ መመዝገቢያ፣ ማለትም ዛሬ ኢሲጂ የምንለውን፣ አሜሪካ ውስጥ ሥራ ላይ ካዋሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ነበር። በ1935 ከባልደረባው ከሲልቬስተር ማክጊን ጋር አንድ ጽሑፍ አወጡ። ሳንባቸው በጓል የተዘጋባቸውን ጥቂት ሕመምተኞች አጥንተው፣ ልባቸው የሚያሳየው የራሱ መልክ እንዳለው ገለጹ። በአንደኛው ሊድ (ልብ በሚመዘገብበት አቅጣጫ) ላይ ወደ ታች የሚጠልቅ የኤስ ሞገድ፣ በሦስተኛው ሊድ ላይ የኪው ሞገድና የተገለበጠ የቲ ሞገድ። የሕክምና ተማሪ ሁሉ «ኤስ አንድ፣ ኪው ሦስት፣ ቲ ሦስት» እያለ የሚሸመድደው ይህንኑ ነው።

የጽሑፉ ዋጋ ግን ከሞገዶቹ ይበልጣል። ኋይትና ማክጊን ለሕመሙ የሰጡት ስያሜ የሚያመለክተው ከሳንባ የተነሣ ድንገተኛ የልብ ሕመም መሆኑን ነው። የአንገት ደም መልስ መወጣጠር፣ በደረት ግራ በኩል ጎልቶ የሚሰማው የሳንባ ቫልቭ ድምፅ፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ኢሲጂው ላይ የሚታየው ለውጥ፣ እነዚህ ሁሉ የቀኙ ልብ መጨነቅ ምልክቶች ናቸው አሉ። ከተራ የልብ ሕመም፣ በተለይም የልብን ታችኛ ገጽ ከሚመታው የልብ ጡንቻ መሞት ጋር እንዳይምታታም አስጠነቀቁ። ከፊርኾ ጀምሮ ሳንባ ላይ የተተከለው ዓይን ወደ ልብ መዞር የጀመረው እዚህ ላይ ነው እላለሁ።

ይህን ስል ምልክቱን ከሚገባው በላይ ማግዘፍ አልፈልግም። ጊዜ ሲያልፍ ያ የሦስት ሞገድ ጥምረት ከአብዛኞቹ ሕመምተኞች ዘንድ እንደማይገኝ፣ ሌላ ሕመም ያለበት ሰውም ሊያሳየው እንደሚችል ታወቀ። በብዛት የሚታየው ተራው የልብ ምት መፍጠን ነው። የደረት ሊዶች ከተጨመሩ በኋላ ደግሞ ከአንደኛው እስከ አራተኛው ባሉት ላይ የቲ ሞገድ መገልበጥ ከጥንታዊው ምልክት የበለጠ የቀኙን ልብ መጨነቅ እንደሚናገር ተስተዋለ። ኢሲጂው ንጹሕ ሆኖ ሳንባው በጓል የተሞላ ሰው አለ። ስለዚህ ያ ወረቀት የሚያስጠረጥር እንጂ ነጻ የሚያወጣ ማስረጃ አይደለም።

በመካከሉ መድኃኒት ተገኝቷል። ደም ማቅጠኛው ሄፓሪን በ1916 ባልቲሞር ላይ በአንድ የሕክምና ተማሪ ሙከራ ተጀመረ፤ ለሕመምተኛ የሚበቃ ንጽሕና ያገኘው ግን በ1930ዎቹ ነው። እውነት ሕይወት ያድናል ወይ ለሚለው ጥያቄ መልስ የሰጡት ባሪትና ጆርዳን የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። እንግሊዝ አገር፣ ብሪስቶል፣ በ1960። ሕመሙን የለዩት በልብ አልትራሳውንድም በሲቲ ስካንም አይደለም፤ ሲቲ ስካን ገና አልነበረም፣ አልትራሳውንዱም ለዚህ ሥራ አልዋለም። በምልክት፣ በራጅና በኢሲጂ ላይ በሚታየው የቀኝ ልብ መጨነቅ ነበር። ደም ማቅጠኛ ካላገኙት 19 ሰዎች 5ቱ በሳንባ ጓል ሞቱ፤ ሌሎች 5ቱን ሕመሙ ተመልሶ ያዛቸው። መድኃኒቱን ካገኙት 16 ግን በዚህ ሕመም የሞተ አልነበረም። ልዩነቱን ሲያዩ ሕመምተኛን ያለ መድኃኒት መተዉን አቆሙ። እነዚያ 35 ሰዎች ለዘመናዊው ሕክምና የከፈሉት ዋጋ በየመማሪያ ክፍሉ ቢነገር ደስ ይለኛል።

ቀጣዩ ጥያቄ የመለካት ነበር። ቀኙ ልብ ምን ያህል ሸክም ይችላል? ይህን ለማወቅ ወደ ሕያው ልብ መግባት ያስፈልግ ነበር። በሩን የከፈተው ጀርመናዊው ቬርነር ፎርስማን ነው። በ1929 ኤበርስቫልደ በምትባል ከተማ በራሱ ክንድ ደም መልስ በኩል ቀጭን ቱቦ እስከ ልቡ አድርሶ፣ በእግሩ ወደ ራጅ ክፍል ሄዶ ፎቶ ተነሣ። በኋላ ኒው ዮርክ ውስጥ አንድሬ ኩርናንና ዲኪንሰን ሪቻርድስ ቱቦውን የልብና የሳንባ ግፊት መለኪያ አደረጉት። ሦስቱም በ1956 የኖቤል ሽልማት ተጋሩ።

በዚህ መንገድ ቦስተን አካባቢ ይሠሩ የነበሩት ማኪንታየርና ሳሳሃራ በ1971 ያወጡት ጥናት ነገሩን ቁርጥ አደረገው። ቀድሞ የልብም የሳንባም ሕመም ያልነበረባቸውን 20 ሰዎች ለኩ። የተዘጋው የሳንባ ክፍል በጨመረ ቁጥር ግፊቱ ይጨምራል፤ ነገር ግን ጤነኛ የነበረ ቀኝ ልብ በድንገት ሊያመነጨው የሚችለው አማካይ ግፊት ከ40 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እምብዛም አያልፍም። ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ይወድቃል። ከዚህ የሚከተል ሌላም ትምህርት አለ። የአንድ ሕመምተኛ የሳንባ ግፊት ከ40 በእጅጉ በልጦ ከተገኘና የቀኙ ልብ ግድግዳ ወፍሮ ከታየ፣ ልቡ ሸክሙን ሲለማመድ ወራት አሳልፏል ማለት ነው፤ ጓሉ የዛሬ ብቻ አይደለም።

ይሁን እንጂ ቱቦ ልብ ውስጥ ማስገባት ለሚያቃስት ሰው ሁሉ የሚደረግ ነገር አይደለም። ልብን ከውጭ፣ ሳይነኩ የሚያዩበት መንገድ የመጣው ካልተጠበቀ ቦታ ነው። በስዊድን ሉንድ ከተማ ኢንገ ኤድለር የሚባል የልብ ሐኪምና ሄልሙት ኸርትዝ የሚባል ፊዚሲስት፣ በመርከብ ፋብሪካ የብረት ስንጥቅ የሚፈለግበትን የድምፅ ሞገድ መሣሪያ ልብ ላይ ቢሞክሩትስ ብለው ተነሡ። ኸርትዝ ማልሞ ከሚገኘው የመርከብ ፋብሪካ መሣሪያውን ለጥቂት ቀን ተዋሰ። በኋላም ከሲመንስ ኩባንያ በተገኘ መሣሪያ ኦክቶበር 29 ቀን 1953 የሚንቀሳቀስ ልብ የመጀመሪያውን ምስል መዘገቡ። እነሱ ሊያዩት የፈለጉት የግራውን ልብ ቫልቭ ነበር። ቀኙን ማንም አላሰበውም።

በአንድ መስመር ብቻ የሚያየው መሣሪያ በ1970ዎቹ ሙሉ ገጽ ማሳየት ሲጀምር ግን፣ በጀርመን አገር ቮልፍጋንግ ካስፐርና ባልደረቦቹ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ኤኮ የሚባለውን ይህን የልብ አልትራሳውንድ ሳንባቸው በጓል ወደተዘጋ ሰዎች አዞሩት። ያዩት ነገር ፊርኾ በአስከሬን፣ ኋይት በሞገድ፣ ማኪንታየር በቁጥር ያወቁት ነበር፤ አሁን በሕይወት እየተንቀሳቀሰ። በጤነኛ ሰው ከግራው የሚያንሰው ቀኝ ልብ ተለጥጦ ከግራው እኩል ሆኗል፣ ወይም በልጧል። መሐከለኛው ግድግዳ ወደ ግራ ታጥፏል፤ በአግድም ተቆርጦ ሲታይ ክብ መሆን የነበረበት ግራ ልብ እንደ ግማሽ ጨረቃ ተጠፍጥፏል። የቀኙ ግድግዳ በየምቱ እየተንቀጠቀጠ፣ መጨመቅ አቅቶት ይታያል። ምስሉ የሚነሣው በሽተኛው አልጋ ላይ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት የሥራ ዓመታት ናቸው። በ1993 ሳሙኤል ጎልድሃበርና ባልደረቦቹ 101 ሕመምተኞችን በሁለት ከፈሉ፤ ጓሉን የሚያሟሟ መድኃኒት ካገኙት 39 በመቶው፣ ሄፓሪን ብቻ ካገኙት ደግሞ 17 በመቶው ቀኝ ልባቸው በአንድ ቀን ውስጥ ሲሻለው በኤኮ ታየ። በ1995 ከሜክሲኮ የወጣው ጥናት እጅግ ትንሽ፣ ግን እጅግ የሚያስጨንቅ ነው። ስምንት ሰዎች ብቻ፤ ሁሉም ድንጋጤ ውስጥ የገቡ፣ የደም ዝውውራቸው የወደቀ። የሚያሟሟውን መድኃኒት ያገኙት አራቱ ዳኑ። ሄፓሪን ብቻ ያገኙት አራቱ ሞቱ። ጥናቱ እዚያው ቆመ። በ1997 ደግሞ ካስፐርና ባልደረቦቹ የ1,001 ሕመምተኞችን መዝገብ አወጡ። ቀኝ ልባቸው ተጨንቆ ግፊታቸው ካልወደቀው 8 በመቶ ያህሉ፣ ድንጋጤ ውስጥ ከገቡት 25 በመቶው፣ ልባቸው ቆሞ እንደገና ለማስነሣት ከተሞከረላቸው ደግሞ 65 በመቶው ሆስፒታል ውስጥ ሞቱ።

በ1996 ቦስተን ውስጥ ማይክል ማኮኔል ከባልደረቦቹ ጋር አንድ ረቂቅ ነገር አስተዋለ። ድንገት የተጨነቀ ቀኝ ልብ መሐሉ መንቀሳቀስ ሲያቆም ጫፉ ግን እንደ ጤነኛ ይዘላል። ምልክቱ ያለበት ሰው ሳንባው በጓል የመዘጋቱ ነገር አስተማማኝ መስሎ ታየ፤ ሕመሙ ከሌለባቸው ሰዎች 94 በመቶው ምልክቱ አልታየባቸውም፣ ሕመሙ ካለባቸው ደግሞ 77 በመቶው ላይ ታይቷል። ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከዓመታት በኋላ ጣሊያናውያን ሐኪሞች የቀኙ ልብ ጡንቻ ደም ሲያጣም ያው ምልክት እንደሚታይ አሳዩ። እንደ ኋይት ሞገዶች ሁሉ ይህም ብቻውን አይፈርድም።

ከዚህ ሁሉ ጥናት እኔ ዋናው የምለው በ2000 ከፍሎረንስ የወጣው የግሪፎኒና ባልደረቦቹ ሥራ ነው። 209 ሕመምተኞችን ተከታተሉ። ከመላው ሕመምተኛ 31 በመቶው የደም ግፊቱ ደኅና፣ በአልጋው ላይ ተቀምጦ የሚያወራ፣ ኤኮው ግን ቀኝ ልቡ መጨነቁን የሚያሳይ ሰው ነበር። ከእነዚህ ከአሥር አንዱ ብዙም ሳይቆይ ድንጋጤ ውስጥ ገባ፤ 5 በመቶው ሞተ። ግፊቱም ልቡም ደኅና ከነበረው ወገን በዚህ ሕመም የሞተ አንድም አልነበረም። ትሬንደለንቡርግ ያጣው፣ ጊበን ሌሊቱን ሙሉ የጠበቀው ምልክት ይህ ነው። ግፊቱ ከመውደቁ በፊት የሚናገር ምልክት። የደም ግፊት የመጨረሻው የሚወድቅ ነገር መሆኑን፣ ከዚያ በፊት ሰውነት ልብን እያፈጠነና ቧንቧዎችን እያጠበበ እንደሚሸፍነው ሐኪሞች በዚህ ተረዱ።

በዚያው ዓመት ከጀርመን የወጣ ጥናት ጭንቀቱን ከደም ጠብታ ማንበብ እንደሚቻል አሳየ። ጡንቻው ሲጎዳ ወደ ደም የሚፈስሰው ትሮፖኒን በ56 ሕመምተኞች ተለካ። ከፍ ብሎ ከተገኘባቸው 18 ሰዎች 8ቱ ሞቱ፤ ካልተገኘባቸው 38 ውስጥ የሞተው አንድ ነው። ጓሉን ለማየት የሚነሣው ሲቲ ስካንም ሁለቱን የልብ ክፍሎች ጎን ለጎን ስለሚያሳይ፣ የቀኙ ስፋት ከግራው ጋር ሲነጻጸር ከ0.9 ወይም ከ1 በላይ ከሆነ ልቡ ተጨንቋል የሚል መለኪያ ከ2004 ወዲህ እየተለመደ መጣ። ምስሉ ያው አንዱ ነው፤ አንባቢው ከሳንባው አልፎ ትንሽ ወደ ታች መመልከት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

ጭንቀቱ ከታየ ታዲያ ጓሉን ወዲያውኑ በመድኃኒት ማሟሟት ነዋ? ብዙዎች እንዲህ አስበው ነበር፤ ማሰቡም ተገቢ ነበር። በ2014 የታተመው ፔይቶ የተባለው ጥናት ይህን ጥያቄ በአግባቡ ፈተነው። በ13 አገሮች፣ ግፊታቸው ደኅና የሆነ፣ ነገር ግን ቀኝ ልባቸው በምስል የተጨነቀ፣ ትሮፖኒናቸውም ከፍ ያለ ከ1,000 በላይ ሰዎች ተካፈሉ። ቴኔክቴፕላዝ የተባለውን የሚያሟሟ መድኃኒት ካገኙት 2.6 በመቶው በሰባት ቀን ውስጥ ሞቱ ወይም የደም ዝውውራቸው ወደቀ፤ ሄፓሪን ብቻ ካገኙት ግን 5.6 በመቶው። ይህ ጥሩ ዜና ነው። ነገር ግን መድኃኒቱን ካገኙት 2 በመቶው አንጎላቸው ውስጥ ደም ፈሰሰ፤ በሌላው ወገን 0.2 በመቶ ብቻ ነበር። በሞት ብቻ ሲታይ በሁለቱ መካከል ለመተማመን የሚያበቃ ልዩነት አልተገኘም።

ከዚህ የወጣው ብይን አስተዋይ ነው። ግፊቱ የወደቀ ሰው፣ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ የሚያሟሟውን መድኃኒት ይውሰድ። ግፊቱ ደኅና ሆኖ ልቡ የተጨነቀው ደግሞ ደም ማቅጠኛ ጀምሮ ዓይን በማይለየው ቦታ ይተኛ፤ ማዘቅዘቅ ከጀመረ ፈጥኖ ይደረስለት። የአውሮፓ የልብ ሐኪሞች ማኅበር በ2014 እና በ2019 ባወጣቸው መመሪያዎች ሕመምተኞችን በዚህ ዓይን መደባቸው። ያ ጊበን ያደረበት፣ ኋይትም የሠራበት ማሳቹሴትስ ጄኔራል ሆስፒታልም በ2012 የልብ፣ የሳንባ፣ የቀዶ ሕክምናና የድንገተኛ ሐኪሞችን በአንድ ጥሪ የሚያሰባስብ ቡድን ለዚሁ ሕመም አቋቋመ። አሠራሩ ወደ ሌሎች ሆስፒታሎችም ተዛመተ።

ይህ ታሪክ ከእኛ ሩቅ አይደለም። በአገራችን ከትልልቅ ከተሞች ስንወጣ ሲቲ ስካን ማግኘት ቀላል አይደለም፤ ኢሲጂ ግን በብዙ ሆስፒታል አለ፤ ተንቀሳቃሽ አልትራሳውንድም እየተስፋፋ ነው። መመሪያዎቹ ራሳቸው፣ ድንጋጤ ውስጥ ገብቶ ሲቲ ስካን ሊደርስለት ለማይችል ሰው፣ በኤኮ የታየ የቀኝ ልብ ጭንቀት ሕክምና ለመጀመር ይበቃል ይላሉ። ስለዚህ በድንገተኛ ክፍል የምትሠሩ ወጣት ሐኪሞችና ነርሶች፣ ምክንያቱ ያልታወቀ የትንፋሽ ማጠርና የፈጠነ ልብ ያለበት ሰው ሲመጣባችሁ የአንገቱን ደም መልስ እዩ፣ ኢሲጂውን አንብቡ፣ አልትራሳውንዱን ካላችሁ ቀኙ ልብ ላይ አሳርፉት። የደም ግፊቱ ደኅና ነው ብላችሁ ወደ ቤቱ አትስደዱት።

አንባቢም የራሱ ድርሻ አለው። በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ያደረገ፣ የወለደች፣ እግሩ ተሰብሮ የተኛ፣ ካንሰር የሚታከም፣ ወይም ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን እንደሚወስደው ያለ ከግማሽ ቀን የሚበልጥ በረራ ተቀምጦ ያሳለፈ ሰው፣ አንድ እግሩ አብጦ ቢያመው፣ ድንገት ትንፋሽ ቢያጥረው፣ ሲተነፍስ ደረቱን ቢወጋው ወይም ራሱን ቢስት ነገ ይሻለኛል አይበል። በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂድ፤ እንደደረሰም መውለዷን፣ መሰበሩን፣ መጓዙን ሳይጠየቅ ለሐኪሙ ይናገር።